ጡሜ ያላጠነችው ጮጮ

ከአያቶቻችን አያቶች በፊት፣ መንገዱን የሚያውቁት ከብቶች ብቻ በነበሩበት ዘመን፣ ቆላ ውስጥ አንድ የከብት አርቢዎች መንደር ነበረ። እስቲ ጠጋ በሉ። በዚያ መንደር ጡሜ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሀብት አልነበራትም። ቆንጆ ነበረች የሚላችሁ ካለም ዋሽቷል። የሰው ላም ታልባለች፤ የሰው የወተት ጮጮ አጥባ በወይራ ጭስ ታጥናለች፤ ደሞዟ ወተት ነው። በዚያ ወተት አንዲት ልጇን ዳኪን ታሳድጋለች።

በመንደሩ ዳር አንድ ትልቅ ግራር ነበረ። ሽማግሌዎች የሚመክሩት ከጥላው ሥር ነው። የት እንደሚሰፈር፣ መቼ እንደሚሄድ እነሱ ይቆርጣሉ። ሴት ወደዚያ ጥላ አትገባም። ከገባች ትረገማለች። ለተረገመች ሴት እሳት የሚሰጣት የለም፤ ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዳላትም የለም፤ ለልጇም እንደዚያው። ከዚያ ቀደም አንዲት ሴት ተረግማ ነበር አሉ። ጎጆዋ የነበረበትን ቦታ ሰው ዞሮ ነበር የሚያልፈው።

ድርቅ ገባ። ሣሩ አለቀ። ሽማግሌዎቹ መሬቱን እንዲፈትኑላቸው ጥቂት ላሞች ማንም ሰፍሮበት ወደማያውቀው ወደ ቀዩ ሸለቆ ሰደዱ። ላሞቹ በስምንተኛው ቀን ጠግበው፣ ጡታቸው ተወጥሮ ተመለሱ። መንደሩ በደስታ ዘለለ። «ከሦስት ቀን በኋላ ሁላችንም ወደዚያ እንሄዳለን» ተባለ።

እነዚያን ላሞች ያለበቻቸው ጡሜ ናት። እንደ ልማዷ ትኩሱን ወተት በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። መረራት። ሌላዋን ላም አለበች፤ መረራት። የአንዷ ጥጃ እናቱን ጠብቶ እግሩ ተብረከረከና ወደቀ፤ ሳይመሽም ሞተ። ወንዶቹ ድርቁ ነው የገደለው አሉ። ጡሜ ግን ላሞቹ በቀዩ ሸለቆ ክፉ ቅጠል እንደበሉ ገባት። ወንድ ወተት የሚጠጣው ከታጠነ ጮጮ ነው፤ ጭሱ ምሬቱን ይሸፍነዋል። ጮጮውን የምታጥነው ደግሞ ማን ናት? እሷው ራሷ።

ፈራች። ዝም ብትል ዳኪ ያን ወተት ጠጥታ ትሞታለች። ብትናገር ዳኪ በውሃ ጥም ትሞታለች።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ወንድሟ ወደ ገልገሎ ሄደች። የሴት ቃል ወደ ግራሩ የሚደርሰው በባሏ ወይም በወንድሟ አፍ ነዋ!

«ወንድሜ፣ ወተቱ መሯል። ተናገርልኝ» አለችው።

ገልገሎ ጅብ በዱላ ያባረረ ሰው ነው። እሺ አላት፤ ሄደም። ከጥላው ሥር ተቀመጠ። ሌሎቹ ተናገሩ፤ እሱ ዝም አለ። ሌሎቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ጅብ ያባረረው ጀግና ምላሱ ጠፋችበት። ሲመለስ የእህቱን ዓይን ማየት አቃተው።

በሁለተኛው ቀን ራሷ ሄደች። ግን አልገባችም። ጥላው አልቆ ፀሐዩ ከሚጀምርበት ላይ ቆመች።

«አባቶቼ፣ ወተቱ መሯል» አለች።

ሽማግሌዎቹ ጀርባቸውን ሰጧት።

«አባቶቼ፣ ወተቱ መሯል።»

የጉባኤው አለቃ አባ ሊበን ዞር እንኳ አላሉም። «ነፋስ ነው» አሉ። «ይህ ነፋስ አንድ እርምጃ ወደዚህ ካለ ግን የአንዲት ቤት እሳት ይጠፋል።»

ጡሜ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ዳኪ «እማ፣ ራበኝ» አለቻት። ወተቱን መሬት ላይ ደፍታዋለችና የምትሰጣት አልነበራትም። ልጇን አቅፋ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ቤታቸውን አፍርሰው ግመል መጫን ጀመሩ። ለጉዞው ምርቃት ወተት ያስፈልጋል። ሽማግሌ ሲመርቅም ሆነ ሲረግም አስቀድሞ አፉን በወተት ያርሳል፤ ደንቡ ነው። ጮጮውን የምታዘጋጀው ጡሜ ናት። አጠበችው። ወይራውን አነሳች፤ ፍሙን አየችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። አላጠነችውም። ከቀዩ ሸለቆ የመጣችውን ላም አለበችበት።

ጮጮውን ይዛ ከጥላው ጫፍ ደረሰች። እንደ ደንቡ እዚያ ላይ ወንድ ወጥቶ ይቀበላታል፤ እሷም ትመለሳለች። ጡሜ ግን አልቆመችም። ገባች።

ልጆቼ፣ በሩቅ ያዩዋት ሴቶች ዓይናቸውን ሸፈኑ። ገልገሎ አቀረቀረ። ጡሜ ጮጮውን ዘረጋች። አባ ሊበን ፊታቸው ጠቁሮ ተነሡ። ሊረግሟት ጮጮውን ከእጇ ነጠቁና አፋቸውን አራሱ።

ተፉት። ለጎረቤታቸው አቀበሉት፤ እሱም ተፋው። ጮጮው ዞረ፤ ሁሉም ተፋው።

«ይህን ጮጮ ሳያጥን ያለበበት ማን ነው?» አሉ አባ ሊበን።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። ጭሱ ሲነሳ የሚቀረው ይኸው ነው። ጭስ ሸፍኖት የልጅ ልጅዎ የጠጣውም ይህንኑ ነው።»

ጮጮው ከእጃቸው ወደቀ። የልጅ ልጃቸው ከትናንት ጀምሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ ነው ብለው ቁርበት አልብሰውት ነበር የመጡት።

ያ ልጅ አልተረፈም። መንደሩ ግን ወደ ቀዩ ሸለቆ አልሄደም። ዳኪም አደገች።

ጮጮው በወደቀባት በዚያች ሰዓት ግን እርግማኑ ከአባ ሊበን አፍ አልወጣም። ሴት ከጥላው ሥር ትናገር ማለትም ከአፋቸው አልወጣ አለ፤ የአባቶቻቸውን ሕግ ፈሩ። በመጨረሻ በትራቸውን አንስተው ራሳቸው ከጥላው ወጡ። በሚጠብሰው ፀሐይ መሬት ላይ ተቀመጡና «ነይ ልጄ፣ ከዚህ ሆነን እንስማሽ» አሏት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ፤ ገልገሎ መጨረሻ ወጣ። ጡሜ ተናገረች። ከኋላዋ ሴቶቹ አንድ በአንድ መጥተው ተናገሩ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ጉዞ ሲመከር ሽማግሌዎች ጥላ ሥር አይቀመጡም። አናታቸው እየነደደ፣ ላባቸው እየወረደ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። እንግዳ መጥቶ «ምነው ወደ ጥላው ብትገቡ?» ቢላቸው ቀና ብለው አያዩትም።

«ሴቶቹ ተናግረው አልጨረሱም» ይሉታል።