አህያውን ማኅበርተኛ ያደረገው አንዳርጌ

ድሮ ነው፤ ሰው ቃሉን እንደ በሬው አስሮ በሚያሳድርበት ዘመን። አገሩን አትጠይቁኝ፤ ስሙን ብነግራችሁ መንገዱን ትጠይቁኛላችሁ፣ መንገዱን ደግሞ እኔም አላውቀውም። በዚያ አገር አንዳርጌ የሚባል ሰው ነበር። ምላሱ ለሁለት ሰው የሚበቃ፣ እጁ ግን ለአንድም የማይበቃ። ሰው ሁሉ ሲያርስ እሱ ስለ እርሻ ያወራል፤ ሰው ሁሉ ሲያርም እሱ ስለ አረም ያወራል፤ ሰው ሁሉ ሲያጭድ ግን ዝም ይላል፤ የሚያጭደው የለውማ። አትሳቁበት ልጆቼ፤ እኔም ብሆን አርሼ ሳይሆን አውርቼ ያረጀሁ ነኝ።

ሚስቱ ይርገዱ ትባላለች። ሥራ የማይደክማት፣ ንግግር የምትቆጥብ ሴት ናት። አንድ ክረምት ጎተራው ባዶ ሲሆን ለባሏ አንድ ነገር ብቻ ነገረችው፤ ወይ ምላስህን ጥመድና እረስበት፣ ወይ የምንበላውን ፈልግ አለችው።

በመንደሩ ጉብታ ላይ የሚካኤል ደብር ነበረ። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ኪሮስ፣ ጥቂት የሚናገሩ ብዙ የሚሰሙ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው በየወሩ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ከደብሩ ጎተራ እያወጡ ለመንደሩ ማኅበሮች አንዳንድ እንቅብ ገብስ ያድላሉ። እንግዳ ሰው መንገድ ላይ ሞቶ ሲገኝ ለሚቀብሩት አንድ እንቅብ። የአልጋ ቁራኛ ለሚያስታምሙት ሴቶች አንድ እንቅብ። ወንዝ ሲሞላ ሰው ለሚያሻግሩት ጎበዞች አንድ እንቅብ። ዝናብ ቢጥል ባይጥል፣ መከሩ ቢያምር ቢበላሽ፣ ቀኑ አይዛነፍም። ስለዚህ የአገሩ ሰው የዚያች እንቅብ ነገር በተነሣ ቁጥር፣ «ትንሽ ናት፤ ግን አትቀርም» ይል ነበር።

አንዳርጌ የሰማው «አትቀርም» የምትለዋን ብቻ ነው።

ወደ አለቃ ኪሮስ ሄደና ድህነቱን አስረዳ። ሲያስረዳ ረፋዱ አለቀ። አለቃም ለተቸገረ ሰው የምጽዋቱ በር ሌላ እንደሆነ፣ እንቅቧ ግን ሰውን ለሚረዱ ሰዎች እንደምትሰጥ፣ እነሱም ከአራት ማነስ እንደሌለባቸው ነገሩት። አንድ ሰው ብቻውን ደግ ቢሆን ሲደክመው ይተወዋል፤ አራት ሲሆኑ ግን አንዱ ሲደክመው ሌላው ያፍራል አሉት።

አንዳርጌ ቤቱ ገብቶ ቤተሰቡን ቆጠረ። እሱ አንድ፣ ይርገዱ ሁለት፣ አህያው ሦስት፣ ውሻው አራት። ሞላ።

በማግሥቱ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ተመልሶ ማኅበር ማቋቋሙን አበሠረ። ስሙ የተበደሉ ደጋፊ ማኅበር ነው፤ ሥራውም የተበደለ ሰው ዳኛ ፊት ሲቀርብ አብሮት መቆም ነው አለ። አለቃም የአባላቱን ስም ጠየቁት።

«እኔ አንዳርጌ፣ ወይዘሮ ይርገዱ፣ አቶ ጫንያለው፣ አቶ ደጀኔ» አለ።

ጫንያለው አህያው ነው፤ ሲጫን ስለሚውል። ደጀኔ ውሻው ነው፤ ደጅ ስለሚጠብቅ። ስሞቹን ያወጣላቸው መንገድ ላይ ነበር፤ የገዛ ብልሃቱ አስቆት ሁለት ጊዜ ቆሟል።

«አቶ ጫንያለው ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» አሉ አለቃ።

«ሸክም የማይከብዳቸው፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ።»

«አቶ ደጀኔስ?»

«ሌባ አይወዱም።»

አለቃ ኪሮስ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያም ይህች አገር የሚቀብር፣ የሚያስታምምና የሚያሻግር እንዳላት፣ ከተበደለ ሰው ጋር የሚቆም ግን እስከ ዛሬ እንዳልነበራት ተናግረው ገብሱን አስሰፈሩለት። አንዳርጌም አቶ ጫንያለው ላይ ጭኖ እያፏጨ ወደ ቤቱ ወረደ።

ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለቃ ኪሮስ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙና፣ የተበደለ ሰው ሁሉ ከእንግዲህ ወደ አንዳርጌ ቤት ይሂድ ብለው ለሕዝቡ አወጁ።

ሰኞ ማለዳ አባ ቦጋለ የሚባሉ ሽማግሌ ደጁ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ጎረቤታቸው ወደ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ በእሾህ አጥሮባቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ውኃ ለመቅዳት ተራራውን ይዞራሉ። አንዳርጌ በአክብሮት ሰማቸውና፣ ማኅበሩ ጉዳይ የሚያየው አባላቱ ሁሉ ሲገኙ እንደሆነ፣ አቶ ጫንያለው ግን ወፍጮ እንደሄዱ ነገራቸው። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

«ግዴለም ልጄ፣ እስኪመጡ እጠብቃለሁ» አሉ አባ ቦጋለ።

ጠበቁም። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ይርገዱ እንግዳ ተቀምጦ አይታ ነገሩን ጠየቀች። ባሏ ጓዳ አስገብቶ ሁሉንም በሹክሹክታ ነገራት፤ የሷንም ስም ሳይጠይቃት እንዳስገባ ነገራት። ይርገዱ አልተቆጣችም። አልሳቀችምም።

«ማኅበርተኛ ነኝ ወይስ አይደለሁም?» አለችው።

«ነሽ።»

«እንግዲያው እንግዳው ይብላ።»

አባ ቦጋለ ከሚካኤል ገብስ በሉ። በማግሥቱም መጡ፣ በሉ። በሦስተኛው ቀን አንዳርጌ እንቅቧን አጎንብሶ ሲያያት ጎድላለች፤ እሱ የሰረቀውን ገብስ ሌላ ሰው እየበላበት ነው። አልቻለም። ብድግ ብሎ ወደዚያ እሾህ አጣሪ ጎረቤት ቤት ሄደና ደጁ ላይ ተቀምጦ ማውራት ጀመረ። ስለ መንገድ አወራ፣ ስለ ምንጭ አወራ፣ ስለ ሰውዬው አያት ደግነት አወራ። በቀትር አወራ፣ በተሲዓት አወራ። ሰውዬውም ከአንዳርጌ ወሬ እሾሁ ቀለለውና ወጥቶ አጥሩን በእጁ አነሣ።

አንዳርጌ ተገላገልኩ ብሎ ተመለሰ። ነገር ግን አባ ቦጋለ አመስጋኝ ሰው ናቸው፤ በዚያች ሳምንት የአንዳርጌን ስም ያልነገሩት ሰው አልነበረም። ወንድሞቹ ከአባቱ ርስት ያስወጡት ዓይነ ስውር መጣ። በሰው ቂም ከገበያ የተባረረች እንጨት ሻጭ መጣች። አንዳርጌም በየበዳዩ ደጅ ተቀምጦ እያወራ ጉዳያቸውን ጨረሰላቸው። ገብሷ በየወሩ ትመጣለች፣ የተበደለ በየቀኑ ይመጣል። ገብሱ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። አንዳርጌም ከሰረቀ ወዲህ ከበፊቱ ይልቅ ከሳ። ሰው ስለ እንቅቧ «ትንሽ ናት፤ ግን አትቀርም» ሲል እሱ በሆዱ፣ «በዳይ ትንሽ ነው፤ ተበዳይ ግን አይቀርም» ይል ጀመር።

አንድ ቀን ደብሬ የምትባል ሸክላ ሠሪ መጣች። ባሏ ሞቶባታል፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ከቀረቻት ጥቂት አፈር እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ወንዙ ዳር ያለው የሸክላ አፈር ጉድጓድ ከጥንት ጀምሮ የሁሉ ነበር። አሁን ግን ግራዝማች ዋሴ የአባቴ መሬት ነው ብለው አጥረው ለፈረሳቸው መስክ አድርገውታል። አፈር ካላገኘች ሸክላ የለም፤ ሸክላ ከሌለ ልጆቿን ይዛ ከአገር መውጣቷ ነው። ዳኛ ዘንድ ከስሳለች፤ አብሯት የሚቆም ሰው ግን አላገኘችም። ሸክላ ሠሪ አጠገብ መቆም በዚያ ዘመን ያስንቅ ነበር፤ ድስቷን ይወዱታል፣ እሷን ይሸሿታል።

አንዳርጌ የግራዝማችን ስም ሲሰማ ፈራ። በሬ የለውም፤ ባረሰ ዓመት የሚያርሰው በግራዝማች በሬ ነው። ስለዚህ በችሎቱ ቀን ማለዳ ሆዴን አለና ተኛ። ይርገዱ አልተከራከረችውም። ነጠላዋን ለበሰች። ከአራቱ ማኅበርተኛ አንዱ አሞታል፣ ሁለቱ መናገር አይችሉም፣ እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ አለችና ወጣች።

አንዳርጌ ትንሽ ተኛ። ሚስቱ፣ ያቺ ለሰው ሁሉ ዝም የምትል ሴት፣ ዳኛ ፊት ቆማ ቃል ስትፈልግ ታየችው። ተነሥቶ እየሮጠ ተከተላት።

ችሎቱ ወንዙ አጠገብ፣ ዋርካው ሥር ነው። አገር ተሰብስቧል፤ አለቃ ኪሮስም ዳኛው አጠገብ ተቀምጠዋል። አንዳርጌ እያለከለከ ደርሶ ከደብሬና ከይርገዱ መሀል ቆመ። ሁለት ቃል ተናግሮ ሊመለስ ነበር ያሰበው። ግራዝማች ዋሴ ግን ተዘጋጅተው ነው የመጡት።

«ማኅበር ነኝ ይላል አሉ» አሉ ለዳኛው። «እስቲ አባላቱን ይጥራ።»

ዳኛውም ጥራ አሉት። የአንዳርጌ ምላስ እንደ ልማዷ ተንቀሳቀሰች። አቶ ጫንያለው ታመዋል ሊል ነበር። አቶ ደጀኔ ሩቅ አገር ሄደዋል ሊል ነበር። ወደ ጎን ሲያይ የደብሬን እጅ አየ፤ ያ እስከ ክርኗ የነበረው ጭቃ የለም፤ ለብዙ ቀን አፈር እንዳልነካች ያሳብቅባታል። ውሸቱን ተወው።

«ጌታዬ» አለ ለዳኛው፣ «የመጀመሪያው አባል እኔ ነኝ፤ ሰነፍ ነኝ። ሁለተኛዋ ሚስቴ ናት፤ ሳልጠይቃት አስገባኋት። ሦስተኛው አህያዬ ነው። አራተኛው ውሻዬ ነው።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያልሳቁት ይርገዱና አለቃ ኪሮስ ነበሩ። ግራዝማች ዋሴ ግን እንዲህ ያለ ሌባ የሌላ ሰው ደጋፊ ሆኖ መቆም እንደማይገባው ተናግረው ከችሎት ይውጣልኝ አሉ።

ዳኛው ሳቁን አስቆሙና፣ ከሚስትህ ሌላ ሰው የሆነ ማኅበርተኛ አለህን ብለው ጠየቁት። አንዳርጌ የለኝም ሊል አፉን ሲከፍት አባ ቦጋለ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«የአህያውን ቦታ እኔ እይዛለሁ» አሉ። «ገብሱን በልቻለሁ፤ መንገዴም ተከፍቷል።»

ዓይነ ስውሩ በእጁ እየዳሰሰ መጣና የውሻውን ቦታ ለእኔ አለ። እንጨት ሻጯ፣ ለእኔ እንስሳ ባይቀርልኝም እቆማለሁ አለች። አንድ በአንድ እየተነሡ ከአንዳርጌ ኋላ ተሰለፉ። አንዳርጌ ዞሮ ቆጠራቸው፤ ከአራት በልጠዋል። ከዚያም ወደ ዳኛው ዞረ።

«ሌባ መሆኔ እውነት ነው» አለ። «እኔ በውሸት ቃል የሚካኤልን ገብስ ወሰድኩ፣ ይኸው ተናዘዝኩ። አሁን የግራዝማች ተራ ነው። ጉድጓዱ የአባቴ ነው ብለው በሚካኤል ስም ይማሉ። ከማሉ ከደብሬ ጋር እኔም ከአገር እወጣለሁ።»

ግራዝማች ዋሴ ውሸታምን ሊያጋልጡ እንጂ እውነት ሊሰሙ አልተዘጋጁም ነበር። ወደ ደብሩ ጉብታ ቀና አሉ። ሕዝቡ ለመሐላ የሚያነሡትን እጃቸውን ይጠብቃል። እስከ ግማሽ አነሡትና መለሱት። ለፈረስ ሣር ብዬ አልምልም አሉና በቅሏቸውን አስቀርበው ሄዱ። ዳኛውም ጉድጓዱ እንደ ጥንቱ የሁሉ ነው ብለው ፈረዱ። ደብሬ እዚያው ከችሎቱ ወርዳ አፈሯን መቆፈር ጀመረች፤ የሚሸሿት ሴቶች ሁለቱ ቅርጫቷን ሲያነሡላት ታዩ።

አንዳርጌ ግን አልዳነም። አለቃ ኪሮስ አስጠርተው፣ በውሸት ለወሰደው ገብስ የደብሩን እርሻ እስከ መከር እንዲያርስ ቅጣት ጣሉበት። ግራዝማች በሬያቸውን ስለከለከሉት አባ ቦጋለ የራሳቸውን አዋሱት። እንቅቧ አልተቋረጠችም፤ በየወሩ ለማኅበሩ ትሰጣለች፤ የምትረከባት ግን ይርገዱ ሆነች። አንዳርጌ ሞፈር ሲይዝ መዳፉ ተላጠ፣ ወገቡ ተቆረጠ፣ ስለ እርሻ ሲያወራው የኖረው ሁሉ ስሕተት መሆኑን አወቀ።

ማኅበሩ ሰፋ። የተበደለ በመጣ ቁጥር የሚናገርለት አንዳርጌ ነው፤ ምላሱ ሥራ አገኘች። ሲሸመግል ሰዎች እያመሰገኑ፣ ይህን ደግነት እንዴት ጀመርከው ብለው ይጠይቁት ነበር።

«አልጀመርኩትም» ይል ነበር። «እኔ መሸሻ ስፈልግ ደርሰውብኝ ነው።»

እኔ የሰማሁትን አቀበልኳችሁ፤ እናንተም ለሚቀጥለው ሰው ሳታጎድሉ አቀብሉ። የዚያ አገር ሰውም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ብሎ ይተርታል፦ ሲሰጡት የሰረቀ፣ ሲለምኑት ጸደቀ።