የማንም ያልሆነው ፈፋ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ አልመጣ ብሎ ወንዙ ሁሉ በደረቀበት ዓመት፣ በአንድ ሸለቆ ለሚኖሩ አራዊት የቀረቻቸው አንዲት ምንጭ ብቻ ነበረች። አንበሳም «እንዲህማ አይሆንም» ብሎ ጉባኤ ጠራ። የመጣው እንስሳ ብዛቱ አይጣል ነው። ደግሞ ሁሉም ተናጋሪ እንጂ ሰሚ የለም።

አንበሳ ሥራውን ለሦስት ከፈለው። «ዝሆን፣ አንተ ጉልበት አለህ፤ ምንጯን ትቆፍራለህ፣ ዙሪያዋን ታጸዳለህ። ጅብ፣ አንተ ከላይ ከኮረብታው ጥንቡንና ቆሻሻውን እያነሣህ ከጋራው ማዶ ትጥላለህ። ቀበሮ፣ አንተ እየዞርክ ታያለህ፤ ያየኸውን ለእኔ ትነግረኛለህ» አለ። ጅብ «ጥንብ» የሚለውን ሲሰማ በሹመቱ በጣም ደስ አለው።

ድርሻውን በምልክት የለየው ቀበሮ ነው። የዝሆን ከምንጯ እስከ ነጩ ድንጋይ፣ የጅብ ከዋርካው ወደ ላይ አለ። በድንጋዩና በዋርካው መካከል እሾህ የሞላበት ፈፋ ነበረ፤ ቀበሮ እዚያ ገብቶ እግሩን ማስወጋት አልፈለገም። ፈፋውን አይቶታል፤ የጠየቀው ስለሌለ ግን ዝም አለ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደህና ሄደ። ዝሆን ቆፍሮ ውሃውን ኩልል አደረገው። ጅብም ጥንቡን ያነሣል፤ ነገር ግን እስኪጠግብ በልቶ የተረፈውን ጋራ አሻግሮ መጣል አንጀቱ እንቢ አለው። ስለዚህ «ለነገ» እያለ ፈፋው ውስጥ ይወሽቀው ጀመር። ቦታው ከዋርካው ወዲህ ስለሆነ የራሱን ድርሻ አላቆሸሸም እኮ! ይህን ብልሃት በገዛ ጭንቅላቱ ማግኘቱ አኮራው። ሌሎቹም አይተው እዚያው መጸዳዳት ለመዱ።

አንድ ማለዳ ድንገት ዶፍ ወረደ። ፈፋው ሞላና የያዘውን ሁሉ ጠርጎ ምንጯ ውስጥ ከተተው።

አህያ አንድ ውርንጭላ ነበራት፤ ሌላ ልጅ የላትም። ከምንጯ ጠጥቶ በማግስቱ ተቅማጥ ያዘው፤ ቆሞ መጥባት እንኳ አቃተው። እናቱ እየሮጠች ዝሆን ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ ዝሆን፣ ውሃው ሸቷል፤ ልጄ ታሞብኛል። እባክዎ ይዩልኝ።»

«እኔ ድርሻዬን ጠርጌያለሁ፣ እመት አህያ» አለ ዝሆን ቅር ብሎት። «እስከ ድንጋዩ ሄደሽ እዪ፤ አንድ ቅጠል አታገኚም። ቆሻሻ የጅብ ነው።»

ጅብ ዘንድ ስትሄድ ጥርሱን ሲጎረጉር አገኘችው።

«ከዋርካው በላይ ቆሻሻ ካለ ጥሪኝ» አላት። «ፈፋው የእኔ ድርሻ አይደለም።»

«እዚያ ያለው ጥንብ ላይ ያንተ ጥርስ አለበት እኮ፣ አያ ጅቦ።»

«ጥርሱ የእኔ ነው፤ ፈፋው ግን የእኔ አይደለም።»

ወደ ቀበሮ ሄደች። ቀበሮ በትሕትና ብድግ ብሎ ተቀበላት። «ሪፖርቴን ልንገርሽ፤ የዝሆን ድርሻ ንጹሕ፣ የጅብ ድርሻ ንጹሕ። ሌላ ድርሻ የለም፤ እኔ ደግሞ የሌለ ነገር አልናገርም።»

«ልጄ ግን አለ» አለች አህያ።

«አዝናለሁ። ዝሆንና ጅብ ሲስማሙ ተመለሺ።»

ሁለት ቀን ሙሉ በዝሆንና በጅብ መካከል ተመላለሰች። እኔን የሚያናድደኝ ከሦስቱ አንዱም አለመዋሸቱ ነው። የተመደበላቸው መሬት እውነትም ንጹሕ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወሬው አንበሳ ጆሮ ደረሰና ሁሉንም ምንጯ አጠገብ ሰበሰበ። አህያንም «እስቲ ልጅሽን አምጪውና እንየው» አላት።

«ጠዋት ሞተ፣ ጌታዬ።»

ጅብ ጆሮውን አቁሞ «የት ጋ ነው ያለው?» ሲል ጠየቀ። አንበሳ ዞር ብሎ ሲያየው አንገቱን ደፋ።

«ጌታዬ፣ በሪፖርቴ መሠረት...» ብሎ ቀበሮ ሊጀምር ሲል አንበሳ «ተወው» አለው። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ላድርግልሽ?» ሲል አህያን ጠየቃት።

«ለእኔ ከእንግዲህ የሚደረግልኝ የለም። እነዚህ ሦስቱ ግን ከዚህ ውሃ ይጠጡልኝ፤ አሁኑኑ።»

ቀበሮ አልጠማኝም አለ። ጥንብ የማይጠየፈው ጅብ እንኳ አሽትቶ ወደ ኋላ ሸሸ። ዝሆን ኩምቢውን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። «እውነቱን ልናገር» አለ ዐይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ከዝናቡ ወዲህ እዚህ ጠጥቼ አላውቅም። ማዶ ዝናቡ የሞላው ኩሬ አለ፤ ለእኔ እግር ቅርብ ነው።»

አንበሳም ተናገረ። «ጥፋቱ የእኔም ነው። መሬቱን አከፋፈልኳችሁ እንጂ ምንጯን ለማን እንደምንጠብቅ አልነገርኳችሁም። ከነገ ጀምሮ ድንጋይና ዋርካ የሚባል ድንበር የለም። በየማለዳው ሦስታችሁም እኔም መጀመሪያ ከዚህች ምንጭ እንጠጣለን፤ ሌላው ከእኛ በኋላ ይጠጣል።»

ሦስቱም ያንኑ ጊዜ ፈፋው ውስጥ ገቡ። ዝሆን እሾሁን ነቀለ፣ ጅብ ጥንቡን ጋራ አሻገረ፣ ቀበሮ ጎርፉን ከምንጯ የሚያርቅ ቦይ ጫረ። አህያ ከዳር ቆማ አየቻቸው። ሥራው አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አልፈጀም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራን መከፋፈል መልካም ቢሆንም፣ ለሚጠጣው ልጅ ጤና ሁሉም አብሮ ካልተጠየቀ በአንዱና በሌላው ድርሻ መካከል የቀረችው ጥቂት መሬት ልጅ እንደምታስቀብር ነው።