ያልታጠበው የማሽላ ዘር

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ከገዛ ዓይኑ በቀር ምስክር የማይቀበል።

ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፣ ጥሩወርቅ። «አጎቴ፣ ቀለም ፋብሪካ ያንን ከጭስ የደቀቀ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ሳቀላቅል ስውል አያስለኝ፣ አያፍነኝ፤ ታዲያ ጭምብሉን ለምን ላድርግ?» ብለሻል። ቁጭ በይና ስሚ። አንቺም እንደ ገበሬው ያላየሽውን አታምኚም።

ይህ ገበሬ በማሽላው የተመሰገነ ነበር። ዘር የጎደለበት ሁሉ እሱ ደጅ ይመጣል። አንድ ዓመት ጎረቤቱ አረማሞ የመታውን ማሽላ በወቃበት አውድማ ላይ የእሱም ማሽላ ተወቃ። አረማሞ የገባበት ማሽላ በፍሬው ፋንታ ጥቁር ዱቄት ይይዛል። በዱላ ሲመታ ይቦንና ጤነኛው ፍሬ ላይ ያርፋል። ወንፊት አይዘውም፣ ዓይንም አያየውም።

የዘር ወቅት ሲደርስ ሚስቱ የከረመ የላም ሽንት በገንቦ አዘጋጅታ ጠበቀችው፤ በዚያ አገር ዘር በሱ ሳይታጠብ አይዘራም። ገበሬው ከዘሩ እፍኝ ዘገነና ወደ ፀሐይ ዘረጋው። ነጭ፣ ሙሉ፣ እንከን የሌለበት።

«ይሄ ምኑ ነው የሚታጠበው?» አላት።

«አውድማውን አስበው እንጂ! ደግሞ ከዚሁ ዘር ለእኅትህ ልትሰጥ ነው። ባል የላት፣ ሌላ እህል የላት፤ ልጆቿን በምን ታሳድግ?»

«ለእኅቴማ በሽንት የተነከረ ዘር አልሰጣትም!» ብሎ ገንቦውን በእግሩ ገፋው። ሽንቱ ደጁ ላይ ፈሰሰ። ዘሩን ለሁለት ከፈለና ግማሹን ዘራ፤ ግማሹን ለእኅቱ ላከላት።

ማሽላው በቀለ። ለምልሞ ከሰው ቁመት አለፈ። ገበሬው በማሳው አጠገብ ባለፈ ቁጥር «የታል አረማሞሽ?» እያለ ሚስቱን ያበሽቃታል። እሷ ጠዋት ጠዋት እየሄደች አገዳውን ትዳብሳለች። ፈርታለች፤ የፈራችውን ግን በጣቷ ልታሳየው አትችልም። ጥቁሩ ዱቄት ከቡቃያው ጋር አብሮ በቅሎ፣ በአገዳው ውስጥ ዝም ብሎ ወደ ላይ እየወጣ ነበር።

ዛላው በወጣ ሰሞን እኅቱ መጣች። ሰላምም አላለችው፤ ከማሳዋ የቆረጠችውን አንድ ዛላ ዘረጋችለት። ገበሬው ፍሬውን በጣቶቹ ሲጨምቀው ፈርጦ መዳፉን አጠቆረው።

«ወንድምዓለም፣ ያንተ ዘር ስለሆነ ሳላጥብ ዘራሁት» አለችው።

ገበሬው ወደ ገዛ ማሳው ሮጠ። እዚያም እንደዚያው ነው። ሚስቱ ሌላ ገንቦ ብታሰናዳ ምን ዋጋ አለው? ዘር የሚታጠበው ሳይዘራ ነው።

እንግዲህ፣ ጥሩወርቅ፣ አውድማው ያ የምትውይበት ፋብሪካ ነው። በየሴልሽ ውስጥ ደግሞ ሰውነትሽ ራሱን የሚተካበት ዘር አለ፤ ዘረ መል ይሉታል። ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ የደቀቁ ዱቄቶችን በሰው የአየር ቧንቧ ሴሎች ላይ ሲሞክሩ፣ አንዳንዶቹ ያንን ዘር ሲያቆስሉት አይተዋል። የቆሰለ ዘር አያስልም፣ አያሳክክም፤ እንደቆሰለ ይባዛል እንጂ። አንቺን ይጎዳሻል ብዬ አልምልም፤ ከዚያ ማሳም ደህና የወጣ ዛላ ነበር። የትኛው እንደሚተርፍ ግን ያ ሁሉን አያለሁ ባይ ገበሬም አላወቀም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

እኔ እፈራልሻለሁ። ጭምብሉን አድርጊ፤ የሥራ ልብስሽንም እዚያው አውልቀሽ ነይ። አንቺስ ተጠራጥረሽ ጠየቅሽኝ። በዚያ ልብስ ገብተሽ የምታቅፊው ሕፃን ግን፣ እናቱ ስለሆንሽ ሳይጠይቅ ነው ደረትሽ ላይ የሚለጠፈው።