ጨው የሌለው ጉርሻ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ የኔታ ልሳነወርቅ፣ ጥያቄውን እንዳልሰማ ሰው።

ጠያቂው ጌጡ፣ የሰሊጥ ነጋዴው ነበር፤ በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ትልልቅ አገሮች ተጣልተው ቀረጥ በቀረጥ ላይ ሲጫጫኑ፣ የእሱ ሰሊጥ ወደብ ላይ ቀርቶበታል። አቤት ያለበት ሹም ሁሉ «ለአገር ክብር ስትል ታገሥ» እያለ መለሰው። «ከእንግዲህ ደጃቸውን አልረግጥም፤ ስብሰባ ቢጠሩ አልሄድም፤ ምረጡ ቢሉም አልመርጥም። ተሳስቻለሁ የኔታ?» ብሎ ነበር።

አንድ ገበሬ ነበረ። ሀብቱ ሁለት በሬ ነው። አገሩ ደጋ ስለሆነ እህል አለው፣ ጨው የለውም። ጨው የሚመጣው ከወንዙ ማዶ፣ ከቆላ ነው፤ ማዶኞች ደግሞ ጨው እንጂ እህል የላቸውም። እነዚያ ጨው አምጥተው፣ እነዚህ እህል ሰጥተው ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ሲኖሩ ኖረዋል።

የዚያ አገር ሰው ሹሙን የሚመርጠው ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ነው፤ የተመረጠውን በትከሻው ተሸክሞ ዋርካውን ያዞረዋል። ያሁኑን ሹም ተሸክሞ ያዞረው ይኸው ገበሬ ነበር። አብሮ አደጉ ነው፤ ይወደዋል።

አንድ ቀን የማዶው ሹም፣ ወንዝ ከሚሻገረው እህል ከአሥር ቁና አንዱን አስቀራለሁ አለ። የወዲህኛው ሹም፣ እንግዲያው እኔ ከአሥር አሞሌ ጨው ሁለቱን አለ። ያኛው አራት ቁና አለ። ይሄኛው ጭራሹን መሻገሪያውን ዘጋ። «ወገኖቼ፣ የተነካው ክብራችን ነው፤ ጨው ያልበላ ሰው አይሞትም!» ብሎ በዋርካው ሥር ፎከረ፣ ሰዉም አጨበጨበ። ገበሬውም አጨብጭቧል።

ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። እዚያ አገር የተጎዳው በሬ ነው። ዳለቻ የሚባለው የገበሬው በሬ ጨው ሲያጣ ግድግዳ ይልስ፣ የተሰጣ ልብስ ያኝክ ጀመር። የጎን አጥንቱ ተቆጠረ። ሰኔ ደግሞ ደርሷል፤ በአንድ በሬ አይታረስም፣ ካልታረሰም የልጆቹ የዓመት ቀለብ የለም።

በዚህ መሐል ሹሙ መሻገሪያውን ከመዝጋቱ በፊት በጓዳው አሞሌ ቆልሎ እንደነበር ተሰማ። ሰዉ በሹሙ ተስፋ ቆረጠ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ በምሬት ሳቀ። ዋርካው ሥር መሰብሰቡን ተወ፤ ሹሙ በመንገድ ሲያልፍ ጀርባውን ሰጠው።

ገበሬውም ተናዶ ነበር፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ እሱ ነው ያፈረው፣ በትከሻው ተሸክሞታላ! ነገር ግን የዓመት ዝክሩ ሲደርስ ሹሙን ጠራው። በዚያ አገር ዝክር የተጠራ አይቀርም፤ ከባለዝክሩ እጅ የመጣ ጉርሻም አይመለስም፣ አይተፋም። ሚስቱ «ወጡን በምን ላጣፍጠው?» ስትለው፣ «እንዳለን አቅርቢው» አላት።

ሹሙ መጣ፣ ከፍ ካለው ቦታ ተቀመጠ። ገበሬው ጠቅልሎ አጎረሰው። ሹሙ አኘከ፣ ቆም አለ፣ እንደምንም ዋጠ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ወንድምዓለም» አለና ገበሬው ሁለተኛውን አጎረሰው። ሦስተኛውንም ደገመው። ሹሙ ከዚያ በላይ አልቻለም፤ አየር ልቀበል ብሎ ወደ ደጅ ወጣ። ዳለቻ እየተንገዳገደ መጥቶ ላብ የቸፈፈበትን የሹሙን መዳፍ ይልስ ጀመር። ሹሙ እጁን ቢነጥቀው በሬው ተከተለው።

«ይህ በሬ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?» ሲል ሹሙ ተከትሎት የወጣውን ገበሬ ጠየቀው።

«መሻገሪያው ከተዘጋ ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ነገርኩህ እንጂ፣ ሦስት ጊዜ አጎረስኩህ።»

ሹሙ አንገቱን ደፋ። በማግሥቱ የቆለለውን አሞሌ አውጥቶ ለአገሬው አከፋፈለ፤ ከዚያ የገበሬውን ቤት ወጥና እንጀራ በአገልግል አስይዞ ወንዙን ተሻገረ። የማዶው ሹም ቤት ለካ ወጡ ጨው አለው፣ እንጀራ የለም። ሁለቱ ሹሞች የአንዱን እንጀራ በሌላው ወጥ እያጠቀሱ በሉ፤ እየበሉም ተፋፈሩ። መሻገሪያው በሳምንቱ ተከፈተ፣ ዳለቻም ሰኔ ሳያልቅ ተጠመደ።

የኔታ ይህን ብለው ወደ ጌጡ ዞሩ።

«ልጄ ጌጡ፣ መቆጣትህ ልክ ነው። ሹሙ በድሏል፣ ያውም ደብቆ በልቷል። ነገር ግን አገሬው ጀርባውን ሲሰጠው ሹሙ ምን አየ? ጀርባ። ጀርባ ምን በልቶ እንዳደረ አይናገርም። አንተም እንደዚያ አገሬው ነህ፤ ደጃቸውን ካልረገጥክ ያንተን ጨው የሌለው ወጥ ማን ያቀምሳቸዋል?»

ጌጡ ወደ የኔታ ጠጋ አለ። «ባጎርሳቸው ቢተፉትስ፣ የኔታ?»

የኔታ ሳቁና በልጅነቱ እንደሚያደርጉት ጆሮውን ያዝ አደረጉት።

«ከተፉትማ ማንን በትከሻህ እንደማትሸከም አወቅህ። ግን እሱንም ለማውረድ ዋርካው ሥር መገኘት አለብህ።»