ጀልባዋ፣ ውታፏና የሕፃኗ ስም

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ጣና ላይ ወይራይ የምትባል ትንሽ ደሴት ነበረች። ማንጎዋ ብዙ፣ ወሬዋ ከማንጎዋ የበዛ። እዚያች ደሴት ላይ እታጉ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ሳቋ ማዶ ድረስ ይሰማል፤ እባብ አትፈራ፣ ጉማሬ አትፈራ። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ታንኳ።

ምክንያት አላት። ታናሽ እህቷን ምጥ ሲጠናባት በደንገል ታንኳ ጭነው ወደ ማዶ ሲቀዝፉ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሐይቁ መሀል ያዛቸው። ሕፃኗ እዚያው ውሃው ላይ ተወለደች፤ እናቲቱ ግን የብሱን ሳታይ ቀረች። እታጉ ሕፃኗን በነጠላዋ ጠቅልላ ተመለሰች። ትርንጎ ብላ ስም አወጣችላት፣ በላም ወተት አሳደገቻት፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃቻት። እነሆ ያቺው ትርንጎ ራሷ አረገዘች፤ ባሏም ሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዷል።

ደሴቲቱ ዋርካ ሥር በተሰበሰበችበት ቀን እታጉ ብድግ አለች።

«ስሙኝ! ይቺን ልጅ በታንኳ አላሻግርም። ከነልጇ በደህና ማዶ ያደረሰልኝ ሰው፣ የልጁን ስም እሱ ያውጣ! ይኸው በቁሜ ተሳልኩ!»

ወይራይ ላይ ስም የማውጣት ወግ የአሳዳጊና የአያት ነው፤ ለባዳ አይሰጥም። እታጉ ያላትን ትልቅ ነገር አውጥታ መሀል ላይ አስቀመጠች ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ይኸን ሲሰሙ ሌላ ክርክር አላስፈለጋቸውም። ደሴቲቱ አዋጥታ የሞተር ጀልባ ትግዛ ተባለ፤ የመጀመሪያ መንገዷም የትርንጎ ይሁን ተባለ።

ከተማ የወረዱት ሦስት ሆነው ነው። አንዱ አያ ቢሻው፣ የደሴቲቱ ታንኳ ሠሪ፤ ደንገል ሲያስር ስለኖረ ጣቶቹ ዝንጅብል የመሰሉ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ እቴ አዛለች፣ አዋላጇ፤ የግማሹን ደሴት እትብት የቆረጠች፣ ስትለብስ የምታምር፣ ማማሯንም የምታውቅ። ሦስተኛዋ ራሷ እታጉ፤ ለትርንጎ ስትል ዓይኗን ጨፍና ታንኳ ላይ ወጣች።

ነጋዴው ሐይቁ ዳር ሦስት የአሉሚኒየም ጀልባዎች ደርድሮ ጠበቃቸው። አንደኛዋ ቀጭን፣ ሹል፣ ጎኗ ላይ ቀይ መስመር የተሰመረባት፣ ሞተሯ ትልቅ። ሁለተኛዋ ሆዷ ልጥፍ ያለ፣ እንደ ገበታ ሰፊ፣ ጎኗ አጭር። ሦስተኛዋ ሆደ ጥልቅ፣ ጎኗ ከፍ ያለ፣ ከባድ፣ አንድ ጉንጯ የተጨረመተ፣ ሞተሯም ትንሽ።

«ባለ ቀይ መስመሯ!» አለች አዛለች ገና ሳትቀርብ። «ምጥ እንደሆነ አይጠብቅም።»

«እኔስ ሰፊዋ ደስ ብላኛለች» አለች እታጉ። «ሰው ተኝቶባት ይሄዳል።»

አያ ቢሻው ሱሪውን ሰብሰብ አደረገና «ሦስቱንም ውሃ ላይ አውርድልኝ» አለ።

መጀመሪያ ቀጭኗ ላይ ወጥቶ ጠርዟ ላይ ቁጭ አለ፤ ወይራይ ላይ ታንኳ የሚፈተነው እንዲህ ነው። ጀልባዋ ጋደል አለችና ሽማግሌውን ከነባርኔጣው ሐይቁ ውስጥ ወረወረችው። አዛለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ምጥ የያዛት ሴት ትወራጫለች» አለ ውሃውን እየተፋ። «ይቺ አትሆንም።»

ሰፊዋ ላይ ሲቀመጥ ንቅንቅም አላለች። እታጉ ልታጨበጭብ ስትል ትልቁ የመንገደኛ ጀልባ አለፈ። ማዕበሉ ሲደርስ ልጥፉ ሆድ ጧ! ጧ! ጧ! እያለ ውሃውን ይደበድብ ጀመር፤ የአያ ቢሻው ጥርስ ተንገጫገጨ፤ ውሃውም በአጭሩ ጎኗ ዘሎ ገባ።

«ይኸ ጀልባ አይደለም፣ መዶሻ ነው» አለና ወረደ።

ሦስተኛዋ ጠርዟ ላይ ሲቀመጥባት ትንሽ ዘንበል ብላ እንደ ደህና በቅሎ ቆመች። ማዕበሉንም በጥልቅ ሆዷ ሰነጠቀችው። ነጋዴው ተገላገልኩ ሲል ሽማግሌው ባልዲ ለመነ፤ ለመነና ውሃ እየቀዳ ጀልባዋ ውስጥ ይገለብጥ ጀመር።

«ኧረ አባባ! ምን እያደረጉ ነው? ጀልባ ሊገዛ መጥቶ በውሃ የሚሞላ ሰው አይቼ አላውቅም!»

«ሰው የሚታወቀው ሲጠግብ አይደል ልጄ? ጀልባም ጠግባ ትታይ። የኛ ታንኳ ውሃ ጠጥቶም አይሰጥምም።»

ሞላ። ጀልባዋ እስከ ጠርዟ ጠጥታ እንኳ አልሰጠመችም፤ ለካ ከመቀመጫዎቿ ሥር ነጭ ፎም ታሽጎባታል። አያ ቢሻው ጉንጯን መታ መታ አደረጋት። «ይቺን እንወስዳለን።»

«ጥሩ፤ እንግዲህ ከኋላዋ፣ ታች ላይ አንዲት የጎማ...» ብሎ ነጋዴው ሊያስረዳ ሲጀምር፣ አያ ቢሻው እጁን አነሳ።

«ልጄ፣ እኔ ጢም ሳላበቅል ነው ውሃ ላይ ያደግሁት። ስለ ጀልባ አትንገረኝ።»

ነጋዴው ነገሩን ትቶ ገንዘቡን መቁጠር ያዘ። ምን ያድርግ፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው።

ጀልባዋ ወይራይ ስትደርስ እልልታው ጉድ ነበር። ጠባቂ ተብሎ የተመረጠው ሙጬ ነው፤ ከራሱ በላይ ለሌላ ሰው ዕቃ የሚሳሳ፣ ደግ ወንደላጤ። እንግዲህ ታንኳ ደንገል ነውና ውሃ ይጠጣል፤ በዋለ ቁጥር ከሐይቁ ተጎትቶ ውሃው ካልተንጠፈጠፈ ይበሰብሳል። ሙጬም ጀልባዋን አሸዋ ላይ ጎትቶ አዘመማትና ሊያንጠፈጥፋት ሲል፣ ከኋላዋ ታች ላይ አንዲት የጎማ ውታፍ አየ። ሲነቅላት ውሃው ዥው ብሎ ወጣ።

«ሠሪው እንዴት ያለ ብልህ ነው!» አለ። «ማንጠፍጠፊያ አበጅቶላታል!» ውታፏንም እንዳትጠፋ ጎጆው በር ላይ ከሚስማር አንጠለጠላት። ጀልባዋ ለትርንጎ ቀን ተብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሃ ሳትነካ ተቀመጠች።

ቀኑ ደረሰ። ትርንጎን ምጥ የያዛት ጎህ ሲቀድ ነው። አዛለች ዳስሳ ዳስሳ ፊቷ ተለወጠ፤ «ልጁ በእግሩ ነው የሚመጣው። ማዶ፣ ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት።» እታጉ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች፤ የእህቷም ልጅ፣ ትርንጎ ራሷ፣ እንዲሁ ነበር የመጣችው። በአራት ሰዓት ሁሉም ተሰናድቶ ባሕሩ ዳር ቆመ። ሁሉም፣ ከአዛለች በቀር።

«ሐኪም ፊት በዚህ አዳፋ ቀሚስ አልቆምም!» ብላ ነጩን ቀሚሷን ፍለጋ ወደ ቤቷ ሄደች። ነጩ ቀሚስ ታጥቦ አልደረቀም ነበር። እሳት ዳር ይዛ ስታደርቀው፣ ስትለብስ፣ ስትታጠቅ፣ ስትመጣ ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ያለ አዋላጅ መነሳት አልተቻለም።

«እቴ አዛለች፣ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?» ብላ ጮኸችባት እታጉ። ሌላ ቃል ለማውጣት ጊዜ አልነበረም። አያ ቢሻው ሞተሩን አስነሳ፤ አራቱም ተነሡ።

ሐይቁ መሀል ሲደርሱ ነፋሱ መጣ። እታጉ የትርንጎን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ እግሯ ሥር ቅዝቃዜ ተሰማት። ጎንበስ ብላ ብታይ ውሃ ነው።

«አያ ቢሻው፣ ውሃ ገብቷል!»

«ትንሽ ውሃ ለጀልባ ጤና ነው» አለ ሽማግሌው፣ እንደ ታንኳ ልማዱ።

ውሃው ቁርጭምጭሚት አለፈ። ቅልጥም ደረሰ። አዛለች በነጭ ቀሚሷ ውሃው ውስጥ ተንበርክካ በእጇ ስትደባብስ፣ ከኋላ ታች ላይ የሚፈልቅ ምንጭ አገኘች። ጨርቅ ወተፈችበት፤ ውሃው መልሶ ተፋው። መላ ቢጠፋት አውራ ጣቷን ሰካችበት። ጠበቀ!

«እታጉ፣ ቅጂ!» አለች በደረቷ ውሃው ላይ ተኝታ።

እታጉ ለመንገድ በያዙት አገልግል ክዳን መቅዳት ጀመረች። ከታች የሚገባው ቆመ፤ ማዕበሉ ግን ከላይ ይጨምርበታል። የአዛለች ጣት አበጠ፣ ጠቆረ፤ ግን አልነቀለችውም። መጨረሻ ላይ ሞተሩ አክ እንትፍ አለና ጠፋ። ጀልባዋ ሞላች። ግን አልሰጠመችም። ጠጥታ ጠጥታ፣ እንዳየናት፣ እንደ ታንኳ ተንሳፈፈች። ትርንጎ ከፍ ባለው መቀመጫ ላይ ተኝታ ትጮኻለች። እታጉ ማዶውን አየችው፤ እህቷ ያላየችውን ያንኑ ማዶ። «አምላኬ፣ ደግመህ አታሳየኝ» አለች።

በዚያ ሰዓት ደሴቱ ላይ ሙጬ በርበሬ ችግኙን ሊያጠጣ አሮጌ ጀሪካኑን ሐይቁ ውስጥ ነከረ። ጀሪካኑ ታች ቀዳዳ አለው፤ ሁልጊዜ ሲያነሳው ነው የሚያፈሰው። ዛሬ ግን ገና ሲነከር በዚያች ቀዳዳ ውሃው ወደ ውስጥ ሲገባ አየ። ቀና ብሎ በሩ ላይ የተንጠለጠለችውን ውታፍ አየ።

«ገደልኳቸው!» አለና ውታፏን ነጠቀ፤ እጁ ለመቅዘፊያ ያስፈልገዋልና በጥርሱ ነከሳት። ደፋር ቀዛፊ ሁሉ በሚፈራው ነፋስ ላይ በታንኳ ወጣ። ማዕበሉ ሁለት ጊዜ ገለበጠው፤ ሁለቴም ታንኳውን አቅንቶ ወጣበት። ውታፏን ግን ከጥርሱ አልጣላትም።

«አንተ ከንቱ! አንተ ነህ አይደል?» ብላ ጮኸችበት እታጉ ሲደርስ። «ተናገር እንጂ!»

እሱ በምን አፉ ይናገር! ዘሎ ውሃው ውስጥ ገባና የአዛለችን ጣት ነቅሎ ውታፏን ወተፈ። ያኔ ነው የተናገረው።

«እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያማ ሁሉም ቀዳ። ጀልባዋ ቀስ በቀስ ቀና አለች። አያ ቢሻው እሳት የምትጭረውን የሞተሩን ካንዴላ ፈትቶ የሚያደርቅበት ደረቅ ጨርቅ ፈለገ፤ በዚያች ጀልባ ላይ ውሃ ያልነካው ነገር ቢኖር የአዛለች ቀሚስ የአንድ ትከሻ እጅጌ ነበር። «አምጪው» አላት። «ኧረ ቀሚሴን!» አለች፤ አለችና ራሷ ቀደደችው። ሞተሩ ሦስት ጊዜ ቢጎትቱት ዝም፤ በአራተኛው ጮኸ። እታጉ ከሞተሩ በላይ ጮኸች።

ማዶ ሲደርሱ በወሳንሳ ተቀበሏቸው። ነርሷ ልጁን በጥበብ አወጣችው፤ ልጁም ሴት ሆና ተገኘች፤ የተቆጣች፣ ቀይ፣ ጤነኛ። ትርንጎ ዓይኗን ገልጣ «እታለም፣ አለሁ?» ብላ ጠየቀች።

«አለሽ!» አለች እታጉ። «ኡኡቴ፣ አለሽ እንጂ!» አለችና የጤና ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ በአንድ ፊት እየሳቀች በአንድ ፊት አለቀሰች። ያን ያህል ዓመት ደረቷ ላይ የነበረው ድንጋይ ወርዶ እግሯ ሥር ሲንከባለል የሰማችው መሰላት።

እንግዲህ የቀረው ስለቱ ነው። ዋርካው ሥር ሦስቱ ቆሙ።

አያ ቢሻው አለ፤ «ባለ ቀይ መስመሯን ብትገዙ ኖሮ ዛሬ የአሣ ቀለብ ናችሁ። ሞልታ ያልሰጠመችውን የመረጥኩ እኔ ነኝ። ስሟን መርከብ ብያታለሁ።»

«ነጋዴው ስለ ውታፏ ሊነግርህ ሲል አፉን የዘጋኸው አንተ አይደለህም ታዲያ?» አለችው አዛለች። «ጀልባህ ባትሰጥምም ያለ ሞተር ወዴት ትደርስ ነበር? ይኸው ጣቴ፤ ጥፍሩ ወልቋል። ጣቴን ባልሰካ ውሃው እዚያው ሐይቁ መሀል ሞተሩን ጨርሶ ይውጠው ነበር። ስሟ አለሁልሽ ነው።»

«አለሁልሽ!» አለ አያ ቢሻው። «በአራት ሰዓት ብትኖሪላት ኖሮ ነፋሱ ያገኘን ነበር?»

ሰው ሳቀ። አዛለች የተቀደደ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ሙጬ ከኋላ ነበር የቆመው። እታጉ ስትጠራው ወደ ፊት መጣ።

«እኔ ባላጠፋ ኖሮ ምንም አይሆኑም ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «ግን ባልደርስላቸው ኖሮም አይደርሱም ነበር። ስለቱ ደግሞ ‹ያደረሰ› ነው እንጂ ‹ያላጠፋ› አይልም። ከተፈቀደልኝ ስሟን ይቅርታ እላለሁ።»

ዋርካው ሥር የነበረው ሰው ለሦስት ተከፈለ። ታንኳ ሠሪዎቹ ከአያ ቢሻው ጋር፣ የወለዱ ሴቶች ሁሉ ከአዛለች ጋር፣ አንድ ቀን ያጠፋና ያካካሰ ሁሉ ከሙጬ ጋር፤ እሱ ወገን ደግሞ ቁጥሩ ቀላል አልነበረም። ትርንጎን ቢጠይቋት «እኔ በዚያ ሰዓት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ሦስቱንም አላየሁም» አለች።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሰባ ሰባቱ አልፏል። ሕፃኗ እስካሁን «አንቺ» ነው የምትባለው፤ መርከብ ሲሏት ትስቃለች፣ አለሁልሽ ሲሏት ትስቃለች፣ ይቅርታ ሲሏትም ትስቃለች። እታጉ ስለቷን ማጠፍ አትችልም፤ ለሦስት መክፈልም አትችልም፤ ስለቷ አንድ ስም፣ ከአንድ ሰው አፍ ነውና።

እናንተ የሰማችሁ ሰዎች፣ ሰጥማ የማትቀር ጀልባ የመረጠው፣ ጣቷን ያልነቀለችው፣ ወይስ ያጠፋውን በጥርሱ ነክሶ ያመጣው፣ ሕፃኗን ለእናቷ፣ እናቷንም ለእታጉ ያደረሰው ማን ነው? ሦስት ቀን ነው የቀራት፤ ስሟን ማን ያውጣላት?