በአስናቁ ካርድ ላይ ባዶ የቀረው መስመር

በአንድ ወቅት፣ ኅዳር 14 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አስናቁ የምትባል ልብስ ሰፊ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በተከራየችው ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ተገኘች። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። በከተማዋ ሦስት ዓመት ስትኖር ዘመድ ጠይቋት አያውቅም። የሚጥል በሽታ እንዳለባት የሚያውቀው ጤና ጣቢያው ብቻ ነው። ቢሰማ ቤት የሚያከራያት፣ ጨርቅ የሚሰጣት እንደማይኖር ታምናለች።

የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሠራተኛ አቶ መንበሩ ካርዷን ለብቻው በመሳቢያ ቆልፎ ይይዘዋል። ከዚያ ቀን በፊት፣ በጥቅምት፣ አከራይዋ ወይዘሮ ጥሩዬ ወደ እሱ መጡ።

«ያቺ ልጅ ምኗን ነው የምትታከመው? አንድ ግቢ ነን እኮ!»

«እትዬ፣ ራሷን ይጠይቋት።»

«አንተ ደግሞ፣ የመንግሥት ምሥጢር አስመሰልከው!»

አልነገራቸውም።

ኅዳር 14 ጠዋት የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ፍሬሕይወት፣ አስናቁ መድኃኒት የምትወስድበት ቀን በአራት ቀን ማለፉን አየች። ስልኳ ዝግ ነው። የቤት ቁጥሯን ከመዝገብ ወስዳ ሄደች፤ አንኳኳች፤ መልስ የለም።

«ተኝታ ይሆናል። የሰው በር አልሰብርም» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ።

«የሚጥል በሽታ አለባት። ወድቃ ቢሆንስ?»

ወይዘሮ ጥሩዬ ይህን እንደሰሙ መጥረቢያ አምጥተው በሩን ፈለጡት። የወደቀ ሰው የነካ ይጋባበታል ሲባል እየሰሙ ያደጉ ናቸው። አቅፈው አነሷት፤ ባጃጅ ላይ ጉልበታቸውን አንተርሰው ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዷት። በማግሥቱ ለጎረቤት አወሩ። ሲስተር ፍሬሕይወት ስትቆጣቸው፣ «ታዲያ ብቻዬን ልቻለው?» አሉ። በሳምንቱ ሰባት ደንበኞች ያልተሰፋ ጨርቃቸውን ይዘው ሄዱ።

አስናቁ ዳነች። አቶ መንበሩ ካርዷን አውጥቶ ባዶ የቀረ መስመር አሳያት፤ «አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው» ይላል።

«አንድ ስም ብቻ ነው የሚይዘው» አላት።

እስክሪብቶውን መልሳ ሰጠችው። «ነገ» ብላ ሄደች።

በታኅሣሥ መሳቢያው ሲጸዳ አንድ የታጠፈ ወረቀት ተገኘ። አስናቁ በመስከረም «ከካርዴ ጋር ይቀመጥ» ብላ ለአቶ መንበሩ የሰጠችው ነው፤ የሰው ጽሑፍ ማንበብ ነውር ነው ብሎ ሳይከፍት ቆልፎበታል። እንዲህ ይላል፦ «በአፌ መናገር አፍሬ ነው። እትዬ ጥሩዬ ከጠየቁ ይነገራቸው። ከእሳቸው በቀር ግን ማንም እንዳይሰማ።»

እስቲ ፍረዱ፤ አስናቁ በዚያ መስመር ላይ የማንን ስም ትጻፍ?