ዝናብ የማያስገባው ካባ

አንድ ንጉሥ ሠራዊቱ ክረምት በመጣ ቁጥር በዝናብ እየበሰበሰበት ተቸገረ። ቆዳ ቢያለብሳቸው ዝናቡ ቀረ፤ ነገር ግን ቆዳው ላባቸውን አፍኖ በገዛ ሙቀታቸው ቀቀላቸው። ስለዚህ «ዝናብ የማያስገባ፣ ላብ የማያፍን ካባ ለሠራልኝ ሹመት እሰጣለሁ» ብሎ አሳወጀ።

አንድ ነጋዴ ካባውን ሠርቶ አመጣ፤ ተሾመም። ጨርቁን የሚነክረው ከሩቅ አገር ባስመጣው መርዛም መድኃኒት ነበር፤ እጣቢውንም ወደ ወንዝ ይደፋው ነበር። በጋ ሲገባ፣ በወንዙ ታችኛው ዳር የምትኖር ደብሪቱ የምትባል ሴት ሁለት ላሞቿ ሞቱባት። የሕፃን ልጇም ገላ በቁስል ተሸፈነ። ሌላ ውሃ በአቅራቢያዋ አልነበራትም።

ደሟ ፈልቶ፣ ልጇን አዝላ ቤተ መንግሥት ሄደችና ነጋዴውን ከሰሰች።

«ጃንሆይ፣» አለ ነጋዴው ፈገግ ብሎ፣ «ያለዚህ መድኃኒት እንዲህ ያለ ካባ መሥራት አይቻልም። ለሁለት ላም ብለን ሠራዊቱን እናበስብስ?»

ሹማምንቱ የሕፃኗን ቁስል እያዩ ሳቁ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። ንጉሡም ካባውን እንዳያጣ ብሎ ፍርዱን ለመጪው ክረምት ቀጠረው።

«እሺ ጃንሆይ፣» አለች ደብሪቱ በንዴት። «እንግዲያው ሕጉ ይፈጸምልኝ። ያቆራኙን!»

በዚያ አገር ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይኖሩ ነበር። ንጉሡ የአባቶቹን ሕግ መሻር አልቻለም። የነጠላዋን ጫፍ ከነጋዴው ኩታ ጋር ቋጠሩት፤ እሷም ወደ መንደሯ ጎተተችው።

ሲደርሱ ነጋዴው በጥም ደርቆ ነበር። ከወንዙ ቀድታ በቅል ሰጠችው። ቅሉን አየና ፊቱን አዞረ።

«ጠጣ እንጂ፣ ጌታው!»

«አልጠማኝም።»

«ልጄ የምትጠጣው ይህንኑ ነው! ምን እንዳለበት ስለምታውቅ ነው አይደል እምቢ ያልከው?»

ያውቅ ነበር። አገልጋዮቹ ከላይ ከሩቅ ምንጭ ውሃ ቢያመጡለት፣ ደብሪቱ ነጥቃ መጀመሪያ ልጇን አጠጣች። የሚመጣው ለመጠጥ እንጂ ለመታጠብ አይበቃም ነበርና ነጋዴው በወንዙ መታጠብ ግድ ሆነበት። ሲሰነብት የልጅቷ ቁስል በእጁ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ወደ ሠራተኞቹ ላከ። መድኃኒቱ እንዲቀር፣ በምትኩ ከበግ ጠጉር የተሸመነ ጨርቅ በእግር ተረግጦ እንዲጠብቅና በስሱ ሰም እንዲቀባ አዘዘ።

አዲሱ ካባ ክረምቱ ሳይገባ ደረሰ። ውሃ ቢያፈሱበት አላስገባም፤ ለብሰውት ቢሮጡም ላብ አላፈነም።

«አየሽ፣ ቻልኩት!» አለ ነጋዴው በኩራት፣ ካባውን ትከሻዋ ላይ እየጣለላት።

ደብሪቱ ካባውን አሽቀንጥራ ወረወረችው። «ከቻልክ፣ ላሞቼ ሳይሞቱ ልጄ ሳትቆስል ለምን አልቻልክም? ወንዙ እስኪጠራ አልፈታህም!»



«አይቻልም» ብዙ ጊዜ አቅም ያጣ ሰው ቃል አይደለም፤ ጉዳቱ ከደጁ ያልደረሰ ሰው ቃል ነው። መርዝ የሚደፋ ሁሉ ከታች ወርዶ እንዲጠጣ ቢገደድ ኖሮ፣ ስንቱ «አይቻልም» እስከ ዛሬ በተቻለ ነበር? እኛስ ለብሰን የምንኮራበት ልብስ ሲሠራ፣ ከታች ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን?